መርፌና የብረት እጅ

ሰው ከበደለ በኋላ በመጀመሪያ የያዘው የእጅ ሥራ ስፌት መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል፤ አዳምና ሔዋን ዕራቁታቸውን መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ የፈለጉት ቤት ወይም መሣሪያ ሳይሆን ልብስ ነበርና የበለስ ቅጠል ሰፍተው አገለደሙ። በሐዋርያት ዘመንም በኢዮጴ ከተማ ጣቢታ የተባለችው ደግ ሴት ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት የምግባሯ ምስክር በእጇ የሰፋችላቸው ልብስ ነበር። ከጥንት ጀምሮ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ መርፌ ከአጥንት ወደ ነሐስ፥ ከነሐስም ወደ ብረት ከመለወጡ በቀር፥ ክሩን በጀርባው አዝሎ፥ ጨርቁን በአንድ ወገን ወግቶ፥ በሌላው ወገን ፈጽሞ ወጥቶ የሚመለስበት ሥርዓት ምንም አልተለወጠም።

የሚያስደንቀው፥ የስፌት ባልንጀሮች የሆኑት ፈትልና ሽመና ለመኪና የተንበረከኩት ከእርሱ አስቀድመው መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር ጀምስ ሃርግሪቭስ በ1764 ገደማ (ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ) አንድ ሰው ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያሾርበትን መሣሪያ ሠራ፤ ሪቻርድ አርክራይት በ1771 በክሮምፎርድ በውሃ ኃይል የሚዞር የመፍተያ ፋብሪካ አቆመ፤ ኤድመንድ ካርትራይትም፥ እርሱ በሙያው ሸማኔ ሳይሆን ቄስ ነበረ፥ በ1785 በራሱ የሚሸምን መኪና አወጣ። ክር ጫፍና ጫፉ ተይዞ እስከ ተወጠረ ድረስ ለብረትም ለሰውም እኩል የሚታዘዝ ነገር ስለ ሆነ ድርና ማግን ማገናኘት ለመኪና እጅግ የከበደ አልነበረም። ጨርቁ እንደ ጎርፍ መውረድ ሲጀምር ግን የሚሰፋው እጅ ያው የጥንቱ እጅ ነበርና፥ የሸማኔው ሸክም በልብስ ሰፊው ላይ ወደቀ፤ በሎንዶን ከተማ ሌሊቱን በኩራዝ ሲሰፉ የሚያነጉትን ድኆች ሴቶች ሁኔታ አይቶ ገጣሚው ቶማስ ሁድ በ1843 ስለ ሸሚዝ የጻፈው እንጉርጉሮ አገሩን ሁሉ ያነጋገረው ስለዚህ ነው።

ታዲያ መኪና ስፌትን ለመማር ለምን ዘገየ? እኔ እንደሚመስለኝ፥ መምህሩን ስለ ሳተ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪና ሠሪዎች ከሰፊው አጠገብ ቆመው ጣቶቹን እያዩ የጣቶቹን አምሳያ በብረት ለማበጀት ደከሙ፤ ነገር ግን እጅ መርፌውን ገፍቶ ይለቀዋል፥ ከጨርቁ ማዶም ይቀበለዋል፥ ክሩንም እስከ ክንዱ ርዝመት ይስበዋል። ይህን ሁሉ በብረት ለመድገም ሁለት የብረት እጆች ከጨርቁ ወዲህና ወዲያ መቆም ነበረባቸው። የሙሉዝ ከተማ ሰው ጆዝዌ ሃይልማን በ1828 በዚሁ መንገድ ሄዶ፥ በሁለት ጫፉ የተሳለና ቀዳዳው በወገቡ ላይ የሆነ መርፌ ከሁለት ወገን በቆሙ መቆንጠጫዎች እያቀባበለ የሚሠራ መኪና አበጀ፤ መኪናው በአጭር ክር ለሚሠራው ለጥልፍ ሲጠቅም፥ ክሩ ሳይቋረጥ መሄድ ለሚገባው ለልብስ ስፌት ግን የሚሆን አልነበረም።

የፈረንሳዩ ባርቴሌሚ ቲሞንዬ ራሱ ልብስ ሰፊ ነበረ። በ1830 የባለመብትነት ጽሕፈት ያገኘበት መኪና ጫፉ በተቈለመመ መርፌ አንዱን ክር በራሱ ላይ እየቋጠረ እንደ ሰንሰለት የሚሰፋ ሲሆን፥ ሰማንያ የሚያህሉ መኪናዎች በፓሪስ ተተክለው ለወታደሮች የደንብ ልብስ መስፋት ጀመሩ። በጥር ወር 1831 ግን የከተማው ልብስ ሰፊዎች ተሰብስበው መጡና መኪናዎቹን ሰባበሯቸው። ይህን የሚጽፉ ብዙዎች ሰፊዎቹን የዕውቀት ጠላቶች አድርገው ያወግዟቸዋል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ፍርድ አልወደውም፤ የወታደር ልብስ ሥራ የብዙ ቤት እንጀራ ነበርና፥ የሰበሩት ብረቱን እንጂ ጥበቡን አልነበረም። ቲሞንዬ መኪናውን እያሻሻለ ቢኖርም በ1857 በድህነት ሞተ።

ነገሩን የፈታው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የተወለደውና በወጣትነቱ በሎዌል ከተማ የጥጥ መኪና በሚሠራበት ፋብሪካ ያገለገለው ኤልያስ ሃው ነው፤ ከእርሱ አስቀድሞም ዋልተር ሃንት በኒው ዮርክ እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ለመብቱ ሳያመለክት ተወው። ሃው የእጅን አካሄድ መከተሉን ተወ። የመርፌውን ቀዳዳ ከጀርባው ወደ ሹሉ ጫፍ አዛወረው፤ መርፌው ጨርቁን ወግቶ ጥቂት ክር ካሳለፈ በኋላ በመጣበት ይመለሳል እንጂ ማዶ አይሻገርም፤ ከጨርቁ በስተጀርባ የሸማኔ መወርወሪያ የመሰለች ትንሽ መወርወሪያ በዚያች የክር ቀለበት ውስጥ ሁለተኛ ክር ታሳልፋለች፤ ሁለቱም ክሮች በጨርቁ መካከል ተያይዘው ይቀራሉ። ከዓለም መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ያለ ስፌት የሰፋ የሰው እጅ አልነበረም። ሃው ይህን ያገኘው ቀዳዳ ያለበት ጦር የያዙ አረመኔዎች በሕልሙ መጥተውበት ነው የሚል ወሬ አለ፤ የሎዌሉን ፋብሪካ ለሚያውቅ ሰው ግን ሕልም አያስፈልገውም።

በ1845 ሃው መኪናውን በቦስተን ኩዊንሲ ሆል ወደሚባለው የልብስ መሥሪያ ወስዶ ከአምስት ቀልጣፎች ሰፊ ሴቶች ጋር ለውድድር አቀረበው። አምስት ቅድ ለመኪናው፥ ለያንዳንዷ ሴት ደግሞ አንዳንድ ቅድ ተሰጠ፤ ሃው በደቂቃ 250 ጊዜ በምትወጋው መርፌ አምስቱን ብቻውን ጨርሶ ከሴቶቹ ጥቂት ቀድሞ ተነሣ። ይህ ታሪክ ሲነገር የእጅ ሽንፈት ሆኖ ይነገራል። ይሁን እንጂ ውድድሩ ለመኪናው የተመቻቸ እንደ ነበረ መኪናውን ያየ ሰው ይረዳል፤ ጨርቁ እሾህ ባላት ብረት ላይ ተሰክቶ በቁሙ ይያዝ ስለ ነበረ ሃው መስፋት የሚችለው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነበረ፤ ብረቷም ጫፏ ላይ ስትደርስ ጨርቁን ነቅሎ እንደ ገና መሰካት ግድ ነበረበት። ሴቶቹ አንገት ወይም ብብት እንዲሰፉ ቢታዘዙ ኖሮ ፍርዱ ወዴት ያዘነብል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ነጋዴዎቹም መኪናውን አመስግነው ሳይገዙ ቀሩ፤ ዋጋው 300 ዶላር ያህል ነበረና።

ከዚህ በኋላ ያለው የአይዛክ ሲንጀር ታሪክ ነው። በ1851 ሲንጀር መርፌውን ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ፥ ጨርቁም በገበታ ላይ ተጋድሞ እንዲሄድ አደረገ፤ በእግር መምታትንም ጨመረ። ሃው ከሰሰው፥ በ1854ም ረታው፤ በ1856 ግን ባለመብቶቹ ታርቀው አንድ ማኅበር ሆኑ፤ ሲንጀርም መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ እየሸጠ በዓለም ሁሉ በተነው። ዊለርና ዊልሰን የተባለው ኩባንያ አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፥ በመኪና ግን 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ እንደሚፈጅ አሳውቆ ነበር፤ የሻጭ ቍጥር ስለ ሆነ ጥቂት ቀንሰን ብናነበው እንኳ ልዩነቱ ግሩም ነው። በአገራችንም በየከተማው በረንዳ ላይ ሲንጀሩን በእግሩ እየመታ ሱሪ የሚያሳጥረውን ልብስ ሰፊ የማያውቅ የለም። እርሱን ዐይቶ ልብ ያላለ ሰው መኪናው የእጅን ሥራ ሁሉ የወሰደ ይመስለዋል፤ የወሰደው ግን መውጋቱን ብቻ ነው፤ ጨርቁን ማንሣት፥ ጫፍ ለጫፍ ማግጠም፥ ማዞር፥ መሳብና ማላላት የሁለቱ እጆች ድርሻ ሆኖ ቀርቷል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሮቦት የመጣው ይህን የቀረውን ድርሻ ሊወስድ ነበር። ጆርጅ ዴቮል በ1954 ያመለከተበትና ጆሴፍ ኤንግልበርገር ለገበያ ያደረሰው ዩኒሜት የተባለው የብረት ክንድ በ1961 በኒው ጀርሲ በጄነራል ሞተርስ ፋብሪካ ተተክሎ፥ ቀልጦ በቅርጽ የወጣውንና የሰው እጅ የሚያቃጥለውን ብረት እያነሣ ማስቀመጥ ጀመረ። ብረት ትናንት እንደ ነበረ ዛሬም ነው፤ ባስቀመጡት ቦታ፥ ባስቀመጡት ቅርጽ ይገኛል። ጨርቅ ግን በተነሣ ቍጥር ይታጠፋል፥ ይለጠጣል፥ ይጨማደዳል፤ ከክምሩ ላይ አንዱን ብቻ ማንሣት እንኳ፥ በመሶብ ከተደራረበ እንጀራ አንዱን ሳይቀድዱ እንደ መለየት ያለ ጣት የሚያውቀው ሥራ ነው። የጃፓን መንግሥት በ1980ዎቹ ለዚህ ምርምር ብዙ ገንዘብ መድቦ ነበር፤ ሆኖም ልብስን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ሰው የሚሰፋ ፋብሪካ ከዚያ አልተወለደም።

በ2016 አሜሪካዊው ጆናታን ዞርኖ የሃውን መንገድ የሚመስል ዘዴ አወጣ። ሮቦቱን የጨርቅን ጠባይ ከማስተማር ይልቅ ጨርቁን በውሃ በሚሟሟ ፕላስቲክ አድርቆ እንደ ካርቶን ገተረው፤ የብረት ክንዱም ካናቴራውን ሰፋ፤ ከዚያ በኋላ ሲታጠብ ፕላስቲኩ ሟሙቶ ጨርቁ ወደ ልስላሴው ተመለሰ። በዚያው ዓመት፥ በእኛ አቈጣጠር በሐምሌ 2008 ዓ.ም፥ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ከአካባቢው ገጠር የመጡ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች፥ አብዛኞቹም ሴቶች፥ በስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ። ባለፋብሪካዎቹን ወደዚያ የሳባቸው የጣት ጥበብ ብቻ ነው ብዬ አላሞካሽም፤ የሠራተኛይቱ ደመወዝ ከሮቦት ዋጋ እጅግ ማነሱ ትልቁ ምክንያት ነው።

ያም ሆኖ በዛሬው የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የትኛው ሥራ ለመኪና እንደ ተለቀቀና የትኛው እንዳልተለቀቀ መመርመር የሚጠቅም ነገር ነው። ጨርቁን መቍረጥ፥ የቍልፍ ቀዳዳ ማውጣት፥ ቍልፍ መትከል፥ ጠፍጣፋ ኪስ መለጠፍ በራሳቸው የሚሠሩ መኪናዎች የሚፈጽሙት ሆኗል፤ ሁሉም ጨርቁ ተዘርግቶ የሚሠሩ ናቸው። የኮት እጅጌ ግን እስካሁን በሰው እጅ ይገባል። የእጅጌው አናት ዙሪያ ከብብቱ ቀዳዳ ዙሪያ ሆን ተብሎ በጥቂት ሴንቲሜትር ይበልጣል፥ ትከሻ ክብ ነውና፤ ሰፊዋ ትርፉን ጨርቅ በግራ ጣቶቿ እያመቀች፥ በቀኝ እጇ ብብቱን እያዞረች፥ ጭምድድ ሳታሳይ ሁለቱን እኩል ማድረስ አለባት፤ ሱፉ ወፍራም ሲሆን ብዙ ታምቃለች፥ ቀጭን ሲሆን ጥቂት፤ ልኩንም የምታውቀው መርፌው ከመድረሱ በፊት በጣቷ ጫፍ ነው።