ከምድጃ ዳር እስከ እጅ ስልክ

ቀድሞ በአገራችን የምሽት ጨዋታ የሚጀመረው እሳት ዳር ነበር። አንዱ ልጅ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ፍቺው የጠፋበትም «አገር ስጠኝ» ይባላል። በድግስ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን ሲመታ፣ እንግዳው ግጥም ሰጥቶ «ተቀበል» ይለው ነበር።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ አስቀረፁ። ሸክላ ግን ያሰማል እንጂ ግጥም ቢሰጡት አይቀበልም። በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ተመረቀ፤ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ቤት አምስት ሰው ተቀምጦ፣ በየስልኩ አምስት ልዩ ልዩ ነገር ያያል።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው፣ መሣሪያው በረከተ ቁጥር የምንሰማው በዛ፤ የምንመልሰው ግን አነሰ። እኛ ተማሪዎች መሣሪያን አንነቅፍም፤ ከሩቅ አገር ብዙ ዕውቀት አምጥቶልናልና። ነገር ግን አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ስልካችንን ዘግተን እንጠይቃቸው። አለዚያ ነገ ልጆቻችን «እንቆቅልሽ» ቢሉን፣ አገር ከመስጠት በቀር መልስ አይኖረንም።