የአየርላንድ ጥንታዊ እምነትና የሽማግሎች ትዝታ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ የሚገኘው ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከመንግሥት መዝገብ ብቻ አይደለም። ገበሬው ላሚቱ ወተት ስትነሣው ማንን ይጠረጥር እንደ ነበረ፥ እናት ልጅዋን ከማይታየው ጠላት በምን ትጠብቅ እንደ ነበረ፥ በእርሻ መካከል ለብቻው የቆመውን ዛፍ ለመቍረጥ ሰው ስለ ምን ይፈራ እንደ ነበረ ዜና መዋዕል አይናገርም። ይህን የሚያውቁት ሽማግሎችና ባልቴቶች ናቸው፤ እነርሱም ጠያቂ ካላገኙ ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ መቃብር ይወርዳሉ። በምዕራብ ኤውሮጳ ይህን አደጋ አስተውለው ትልቅ ሥራ ከሠሩት ሕዝቦች አንዱ የአየርላንድ ሕዝብ ነው። የሥራው ታሪክ እንደሚያስረዳው የሽማግሎች ትዝታ ተዘግቶ እንደሚቀመጥ ሣጥን አይደለም፤ ሰሚ ሲኖረው ይኖራል፥ ሰሚ ሲያጣ ይጠፋል፤ ለኋላ ትውልድ ተጠብቆ የሚቀረውም ጠያቂው የጠየቀውን ያህል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አየርላንድ ከ1845 እስከ 1852 ድረስ በታላቅ ረኃብ ተመታች። የድሀው ገበሬ ዋና ምግብ ድንች ነበረና ድንቹን በሽታ ሲያጠፋው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በረኃብና ረኃቡ ባስከተለው ደዌ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ወደ አሜሪካ፥ ወደ እንግሊዝና ወደ ሌላም አገር ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የሕዝብ ቍጥር በ1851 ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ወረደ። ከሁሉ ይልቅ የተጐዳው በምዕራቡ ወገን በአገሩ ጥንታዊ ቋንቋ የሚናገረው ድሀ ገበሬ ነበር። ከ1831 ጀምሮ የተቋቋሙት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለስደተኛም የሚጠቅመው ይኸው እንግሊዝኛ ስለ ሆነ ብዙ ወላጆች ራሳቸው ልጆቻቸውን የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንዳይናገሩ ይከለክሏቸው ጀመር። በዚህ ምክንያት አያት በአንድ ቋንቋ የሚያስታውሰውን ነገር የልጅ ልጅ አጣርቶ የማይሰማበት ዘመን መጣ።

የዚህ መለያየት ትርጓሜ በአንድ ሰው ሕይወት ጎልቶ ይታያል። በ1923 ጄምስ ደላርጂ የተባሉ ወጣት ሊቅ በደቡብ ምዕራብ ኬሪ በሚባለው አውራጃ ሾን ኦ ኮነል የተባሉ ሽማግሌ አገኙ። እኚህ ሽማግሌ በ1853 የተወለዱ፥ ማንበብና መጻፍ የማያውቁ፥ ከአየርላንድ ቋንቋ በቀር ሌላ የማይናገሩ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ቀድሞ በረጅሙ የክረምት ሌሊት ጎረቤት ሁሉ በምድጃው ዙሪያ ተሰብስቦ ተረት ያዳምጥ ነበር፤ በስተርጅናቸው ግን ሰሚ አጡ። ያወቁት ተረት እንዳይጠፋባቸው ከብት ሲጠብቁ ለድንጋዩ ካብ፥ ከገበያ ሲመለሱም ከጋሪያቸው ኋላ እየተከተሉ ለጋሪው ጀርባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይተርኩ እንደ ነበር ደላርጂ ጽፈዋል። ሽማግሌው በ1931 አረፉ፤ ከአፋቸው የተጻፈው መጽሐፍ በ1948 ታተመ። ትዝታ ሰሚ ሲያጣ ከድንጋይ ጋር እንደሚነጋገር ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በእርግጥ የአየርላንድን ገበሬ እምነት መጻፍ የተጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ቶማስ ክሮፍተን ክሮከር በ1825፥ ወይዘሮ ዊልድም በ1887 ስለ ረቂቃን ፍጥረታትና ስለ አስማት መድኃኒት መጻሕፍት አሳትመዋል። ነገር ግን እነዚህ ጸሐፊዎች ወሬውን ለከተማ አንባቢ በሚጥም እንግሊዝኛ አሳምረው አቀረቡት እንጂ ተራኪው ማን እንደ ሆነ፥ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፥ ነገሩን ከማን እንደ ሰማው አብዛኛውን ጊዜ አልመዘገቡም። ምስክሩ ያልታወቀ ቃል ለታሪክ ጸሐፊ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው።

አየርላንድ ነጻነትዋን ካገኘች በኋላ በ1927 የባህል ትውፊት ማኅበር ተመሥርቶ መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ የመጽሔቱም ስም ቤሎይደስ ሲሆን ትርጓሜው የአፍ ትምህርት ማለት ነው። አዘጋጁ ደላርጂ በ1928 ወደ ስካንዲናቪያ አገሮች ተጕዘው የስዊድን ሊቃውንት የሕዝባቸውን ትውፊት በምን ዓይነት ሥርዐት ሰብስበው እንደሚያኖሩት ተመለከቱ። በ1935 መንግሥት የአየርላንድ የባህል ትውፊት ኮሚሲዮንን ሲያቋቁም ደላርጂ የበላይ ኀላፊ ሆኑ፤ ሾን ኦ ሱሊቫን የተባሉት መምህር ደግሞ በስዊድን በኡፕሳላ ሥልጠና ተቀብለው የቤተ መዛግብቱ ጠባቂ ሆኑ። ኦ ሱሊቫን በ1942 ያሳተሙት ወደ 700 ገጽ የሚጠጋ መምሪያ ሰብሳቢው ስለ ቤት አሠራር፥ ስለ ልደትና ሞት፥ ስለ በዓላት፥ ስለ መናፍስትና ስለ መድኃኒት የሚጠይቀውን ጥያቄ በየክፍሉ የሚዘረዝር ነው።

የኮሚሲዮኑ ቋሚ ሰብሳቢዎች ጥቂቶች ሲሆኑ ብዙዎቹ ከዚያው ከሚሠሩበት አገር የተወለዱና ቋንቋውን ከእናታቸው የተማሩ ነበሩ። ኤዲፎን የሚባለውን የድምፅ መቅረጫ ይዘው ከመንደር ወደ መንደር ይዞሩ፥ በሽማግሌው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ቃሉን ከሰም በተሠራ ጥቅል ላይ ይቀርጹ፥ ኋላም ቃል በቃል በደብተር ይገለብጡት ነበር። ከጽሑፉ ጋር የተራኪው ስም፥ ዕድሜና መንደር፥ ነገሩንም ከማንና መቼ እንደ ሰማው ይመዘገባል። ሆኖም የሰሙ ጥቅል ውድ ስለ ነበረ ከተገለበጠ በኋላ ፊቱ ተፍቆ እንደ ገና ይቀረጽበት ነበር። ስለዚህ የብዙዎቹ ሽማግሎች ቃል ሲቀር ድምፃቸው ጠፍቶአል። በዚህ ሁኔታ ቃላቸው ከተጻፈላቸው አንዷ ከታላቁ ብላስኬት ደሴት ፔግ ሴየርስ ናቸው፤ በ1873 ተወልደው በ1958 ያረፉት እኚህ ባልቴት ከአባታቸው የተማሩትን በመቶ የሚቈጠር ተረትና ወግ ሾሰፍ ኦ ዳሊ ለተባሉት ሰብሳቢ ነግረዋል። ደሴቲቱ በ1953 ነዋሪዎችዋ ወጥተው ባዶ ቀርታለች።

ጥቂት ሰብሳቢዎች አገሩን ሁሉ ሊያዳርሱ ስላልቻሉ ኮሚሲዮኑ በ1937 ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ከትምህርት ሚኒስቴርና ከመምህራን ማኅበር ጋር ተስማምቶ በ26ቱ የነጻው መንግሥት አውራጃዎች የሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በድርሰት ሰዓት የአያቶቻቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ወሬ እንዲጽፉ አደረገ። ለመምህራኑ በተላከው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ 55 ርእሶች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የቅቤ አናናጥ፥ የአገር መድኃኒት፥ የጸበል ምንጭ፥ የተቀበረ ወርቅና የረኃቡ ዘመን ይገኛሉ። እስከ 1939 ድረስ ከ5,000 ትምህርት ቤቶች ወደ 50,000 የሚጠጉ ልጆች ተካፍለው 740,000 ያህል ገጽ ጽሑፍ ተሰበሰበ። የሥራው ታላቅነት ግን በገጹ ብዛት ብቻ አይመዘንም። ለድንጋይ ካብ ይናገር የነበረው ሽማግሌ አሁን የገዛ የልጅ ልጁ ደብተር ይዞ ጠያቂው ሆነ፤ ሁለት ትውልድ ያህል ተቋርጦ የነበረው ንግግር በትምህርት ቤት ትእዛዝ ተቀጠለ።

ከተሰበሰበው ሁሉ ሰፊውን ስፍራ ከያዙት አንዱ ስለ ረቂቃን ፍጥረታት የሚነገረው ነው። ሽማግሎቹ በስማቸው መጥራት ስለሚፈሩ ደጎቹ ሰዎች ይሏቸዋል። የብዙዎች ወግ እንደሚለው እነዚህ ፍጥረታት ከወደቁት መላእክት ወገን ናቸው፤ ለገሃነም የሚያበቃ ክፋት፥ ለሰማይም የሚያበቃ ደግነት ስላልነበራቸው በምድርና በአየር መካከል ቀሩ። መኖሪያቸውም በገጠሩ ሁሉ የሚታየው ክብ የአፈር ቅጥር ነው። የከርሰ ምድር ጥናት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ግን እነዚህ ቅጥሮች ከ500 እስከ 1000 ባለው ዘመን አብዛኞቹ የተሠሩ የገበሬ ግቢዎች ናቸው፤ ቍጥራቸውም ወደ 45,000 ይደርሳል። ቅጥሩን ያረሰ ወይም በላዩ የበቀለውን እሾሃማ ዛፍ የቈረጠ ሰው አካሉ ይሰናከላል፥ ከብቱ ያልቃል ይባል ነበር። ሕግ ባልነበረበት ዘመን እነዚህን ጥንታዊ ሥራዎች ከማረሻ የጠበቃቸው ይህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ሲቀዘቅዝና የእርሻ መኪና ሲመጣ በብዙ ስፍራ ፈርሰዋል።

ሁለተኛው የቅቤ ነገር ነው። ቅቤ ሲናጥ ወደ ቤት የገባ እንግዳ ሥራውን ሳይባርክና መናጫውን በእጁ ሳይዝ እንዲወጣ አይፈቀድለትም፤ እንዲህ ያላደረገ የቅቤውን በረከት ይዞ ይሄዳል ተብሎ ይጠረጠራል። በግንቦት ወር መባቻ ዕለት እሳት፥ ወተትና ጨው ከቤት አይወጣም፤ በዚያ ንጋት ከጎረቤት መስክ ጤዛ በጨርቅ የሰበሰበች ሴት የዓመቱን ቅቤ ትወስዳለች ይባላልና። ይህ እምነት የባዶ ሐሳብ ውጤት አይደለም። ቅቤ የጭሰኛው ዋና ሽያጭ ስለ ነበረ የመሬቱ ኪራይ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በእርሱ ነው፤ ወተቱ ቅቤ አልወጣ ያለ ቤተ ሰብ ከመሬቱ የመነቀል አደጋ ነበረበት። ስለዚህ ጥርጣሬው ሁሉ የሚዞረው በኑሮው ምሰሶ ዙሪያ ነው።

ሦስተኛው የረኃቡ ትዝታ ነው። የተራበው ሣር በሚባለው ስፍራ የረገጠ መንገደኛ በድንገት ብርቱ ረኃብ ይይዘዋል፥ ቍራሽ እንጀራ ካልቀመሰም ከዚያው ይወድቃል ይባል ነበር። አንዳንዶች ሣሩ የበቀለው በረኃቡ ዘመን ሰው በሞተበት መሬት ላይ ነው ይላሉ። ኮሚሲዮኑ በ1945 ስለ ረኃቡ ልዩ መጠይቅ ባወጣ ጊዜ መልስ የሰጡት ብዙዎቹ ረኃቡን ያዩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። መንግሥት የሟቹን ቍጥር በመዝገብ ሲያሰላ ሕዝቡ ግን ሟቹ የወደቀበትን ስፍራ በእምነት መልክ ጠብቆ አቆየ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጥንታዊውን እምነት ጣፋጭ ወግ ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው እውነቱን ይሸሽጋል። ደጎቹ ሰዎች ሰውን ሰርቀው በምትኩ የእርሱን መልክ የያዘ በሽተኛ ይተዋሉ የሚለው እምነት ደም አፍስሶአል። በመጋቢት 1895 በቲፐራሪ አውራጃ ብሪጅት ክሊሪ የተባለች የ26 ዓመት ሴት በታመመች ጊዜ ባልዋና ዘመዶችዋ ይህች እርስዋ አይደለችም ብለው በወተት የተፈላ ቅጠል በግድ አጠጧት፤ በመጨረሻም ባልዋ በእሳት አቃጥሎ ገደላት። ከዚያ በኋላም እውነተኛይቱ ሚስቴ በነጭ ፈረስ ተቀምጣ ትወጣለች ብሎ በአንድ ጥንታዊ ቅጥር አጠገብ ይጠብቃት ነበር። ፍርድ ቤቱ ባልየውን በ20 ዓመት እስራት ቀጣው። ይህ ታሪክ ከፍርድ ቤት መዝገብ የተገኘ ነው፤ ሽማግሌው በምድጃው አጠገብ የሚተርከው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሰረቀው ሰው ስለ ተመለሰበት ነው። ስለዚህ የቃል ትዝታ ከሌላ ማስረጃ ጋር ተመዝኖ እንጂ ለብቻው ሊታመን አይገባውም።

ጠያቂው ያልጠየቀው ነገር ጉድለቱ ከዚህ ያላነሰ ነው። በገጠር የሚዞሩት ቋሚ ሰብሳቢዎች ወንዶች ስለ ነበሩ ባልቴቶች ስለ ወሊድና ስለ ሴቶች ደዌ የሚያውቁት ሁሉ በፊታቸው አልተነገረም። ኮሚሲዮኑ የአየርላንድ ቋንቋ የሚነገርበትን ምዕራብ ስላስቀደመ ምሥራቁና ከተማው ዘግይቶ ነው የተጠየቀው። ስለ ዘላኖቹ የአየርላንድ መንገደኞች መጠይቅ የወጣው በ1952 ሲሆን የደብሊን ከተማ ትዝታ በስፋት መሰብሰብ የጀመረው ኮሚሲዮኑ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በ1979 ነው።

ኮሚሲዮኑ በ1971 ወደ ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዛውሮአል፤ መዝገቡም በ2017 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብቶአል። እምነቱ ራሱ ግን በመዝገብ ሊጠበቅ አይችልም፤ የሚጠበቀው ስለ እርሱ የተሰጠው ምስክርነት ነው። በ1999 በክሌር አውራጃ አዲስ አውራ ጎዳና ሲሠራ ተራኪው ኤዲ ሌኒሀን ደጎቹ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነው ሲባል የሰሙትን አንድ እሾሃማ ዛፍ እንዳይቈረጥ ተሟግተው ዛፉ ተርፎአል። ከተከራከሩት ሰዎች ስንቶቹ በደጎቹ ሰዎች ያምኑ እንደ ነበረ ማንም አልቈጠረም፤ ዛፉ ግን የተረፈው ስለ እርሱ የሚናገር አንድ ሽማግሌ፥ ሽማግሌውንም የሚጠይቅ አንድ ሰው ስለ ተገኘ ነው።