የዳጉሳ አረቄና ቀማሾቹ

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሰከላ ደረሰ። ግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ ቆሞም ከዐረብ አገር ይዞት በመጣው የኮኮናት ቅርፊት ውኃ ቀዳና ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ብሎ ጠጣ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ባስተማርኩ ቁጥር ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። የማር አገር መሀል ቆሞ በውኃ ጤና የሚመኝ እንግዳ የኛን ልጆች ባያስቅ ይገርም ነበር።

ሰውዬው ማሩን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አገዎች ለጎንደር ቤተ መንግሥት የሚገብሩትን ሲዘረዝር 1,000 ያህል ዳብራ ማር፣ 1,500 በሬ፣ በላዩም ወርቅ ይላል። ዳብራ ያለው ትልቅ የሸክላ ዕቃ ነው፤ አንዱ 60 ፓውንድ ገደማ ማር ይይዛል፣ በኛ ልክ 27 ኪሎ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ግብሩ 4,000 ዳብራ እንደነበረም ጽፏል። አስሉት፤ በቀነሰበት ዘመን እንኳ ወደ 27 ቶን የሚጠጋ ማር በየዓመቱ ከዚህ ከምዕራብ ጎጃም ደጋና ከአገው ምድር ተነሥቶ በሰውና በአጋሰስ ጀርባ ወደ ጎንደር ይጓዝ ነበር።

ያ ማር ጠጅ ሆነ። ጠጅ ደግሞ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር፤ ገበሬው ማሩን ይቆርጣል እንጂ ብርሌ አይጨብጥም። በግብር አዳራሽ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምስ ነበር። ይህን ልማድ ሁሉም የመርዝ ፍራቻ ብቻ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከየጋኑ የቀመሰ ሰው ምላሱ ሥራ ፈትቶ ይኖራል ብዬ አላምንም። ማሩ በአደይ ወራት የተቆረጠ የመችና የኑግ ይሁን፣ ወይስ ክረምት መግቢያ ላይ የሚደርሰው የብሳና፣ ጌሾው በዝቶ አምርሮ እንደሆነ፣ ጋኑ በወይራ ሳይታጠን ቀርቶ ሽታ ገብቶበት እንደሆነ፣ ከአሳላፊው የበለጠ ማን ሊለይ? የመጀመሪያዎቹን ባለሙያ ቀማሾቻችንን ስፈልግ የማገኛቸው እዚያ ጓዳ በር ላይ ቆመው ነው። ስማቸውን የጻፈ የለም።

ወይንማ እኛ ዘንድ ሌላ ታሪክ ነው። ጣና ዙሪያ ወይን ይተከል እንደነበር መንገደኞቹ ጽፈዋል፤ አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካም በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል። እኛ የምናውቀው ወይን ግን ለቅዳሴ የሚገባው ዘቢብ ነው፤ እሱን ለመቅመስ ደግሞ መቁረብ ያስፈልጋል።

የኛ የገበሬዎቹ መጠጥ ጠላና አረቄ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለ አረቄው ነው። ጠላው ጥንት የነበረ ነው። አረቄው በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ጎጃም ግን እንግዳውን ተቀብሎ በራሱ እህል አሳደገው። ዳጉሳ በቀይ አፈር ላይ ይሰጣል፣ ነቀዝ እምብዛም ስለማይደፍረው ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ ብቅሉም ጉልበታም ነው። ብዙ እህል ለጠላና ለአረቄ ብቅል ከሌላ ይበደራል፤ ዳጉሳ ለራሱም ይበቃል።

አክስቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አረቄ እያወጣች ልጆቿን አሳድጋለች። (የድሮ ሰዎች ከተማዋን ወጀት ይሏት ነበር፤ አክስቴም እስከ መጨረሻው «ወጀት ገበያ» እንዳለች ነው የሞተችው።) ጌሾና ብቅል ፈጭታ ትጠነስሳለች፣ ከቀናት በኋላ የዳጉሳ ቂጣ ጋግራና ቆራርሳ ትጨምራለች፣ ድፍድፉ መፍላቱን ጨርሶ ሲረጋ ወደ ማሰሮ ትገለብጣለች። ማሰሮው ላይ ከአዊ ደጋ የመጣ የቀርከሃ ቱቦ ይሰካል፤ መጋጠሚያው በጭቃ ይመረጋል፤ የቱቦው ጫፍ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ መቀበያ ዕቃ ውስጥ ይገባል። እንፋሎቱ እዚያ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል።

ሙያው ያለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከእሳቱ ላይ። አልኮል በ78 ዲግሪ ይነሣል፣ ውኃ ግን ዘግየት ይላል። እሳቱ ከበረታ ውኃውም ድፍድፉም አብረው ይጣደፋሉ፣ ሥሩም ያርራል። አክስቴ ቴርሞሜትር አይታ አታውቅም። ጆሮዋን ወደ ማሰሮው አዘንብላ ታዳምጥና አንድ ፍልጥ ትስባለች፣ ወይም አንድ ትገፋለች። መጀመሪያ የሚወርደውን ጥቂት ለብቻው ትይዘዋለች፤ ዓይን የሚያስለቅስ፣ አፍንጫ የሚወጋ ነው። «ይኸ ለቁስል ነው» ትል ነበር፤ ለሰው አትቀዳውም። ኬሚስት ቢጠየቅም ይደግፋታል፤ ቶሎ የሚተኑት ጎጂ ነገሮች የሚበዙት እዚያ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ደግሞ ውኃ ውኃ ይላል። የሚሸጠው መሀሉ ነው። መሀሉ እንደገና ወደ ማሰሮ ተመልሶ ሲወጣ ዳግም አረቄ ይባላል።

ፈረንሳዮችም ለኮኛካቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሁለት ጊዜ ያነጥራሉ፣ ራሱንና ጭራውን ለይተው መሀሉን ይይዛሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ ቢያንስ ሁለት ዓመት በእንጨት በርሜል ያስቀምጡታል፤ የአክስቴ ዳግም ግን በዚያው ሳምንት ተሸጦ ያልቅ ነበር፤ የትምህርት ቤት ደብተርና የሳር ቤቱ ክፈፍ ሁለት ዓመት አይጠብቁማ።

በገበያ ቀን ከቡሬ የሚመጣ አንድ ነጋዴ ነበር። ቡሬ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ንግድ የሚራገፍባት የድሮ የገበያ ከተማ ስለሆነች ነጋዴዎቿ በመለየት አይታሙም። ሰውዬው መለኪያ አይጠይቅም። ጥቂት ጠብታ መዳፉ ላይ ያስደርግና ሁለቱን እጆቹን እስኪደርቅ ያሻል። ከዚያ ፊቱን ሸፍኖ ያሸታል። ጉልበቱ መጀመሪያ ተኖ ይሄዳል፤ እጅ ላይ የሚቀረው የእህሉና የሠሪዋ ነገር ነው። ዳጉሳው ንጹሕ ከሆነ የእንኩሮ ሽታ ይቀራል፤ እሳት ካጠፋው ያረረ ድስት ይሸታል፤ ጌሾው ከበዛ መራራ ቅጠል። ቀጥሎ ጠርሙሱን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ አረፋውን ያያል፤ ክብ ክቡን ሠርቶ ጠርዙ ላይ ከቆየ ጠንካራ ነው፣ ወዲያው ከከሰመ ውኃ በዝቶበታል። ምላሱን የሚያርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በጥቂቱ፣ ትንፋሹን በአፍንጫው እያወጣ።

«አያ፣ እንዴት አገኙት?» ትላለች አክስቴ፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው።

«እታለም፣ እሳቱ ቸኩሎብሻል» ይላታል አንዳንዴ። ያኔ ዋጋ ይቀንሳል፤ አትከራከረውም። ከሸጠች በኋላ ግን ለእኔ ዞር ብላ «እውነቱን ነው፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጥዬው ሄድኩ» ትለኛለች። ይህ ሰው ከማሰሮው አጠገብ ሳይኖር ሕፃኑ ያለቀሰበትን ሰዓት ከመዳፉ ላይ አነበበው ማለት ነው።

ዛሬ ይህ ዳኝነት እየጠፋ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ተለክቶ ተራው አረቄ 34 በመቶ፣ ዳግሙ 46 በመቶ ገደማ አልኮል ተገኝቶበታል፤ ቁጥሩ ይጠቅማል፣ ስለ ጣዕሙ ግን የሚነግረን የለም። ጠጪውም የቁጥሩ ተከታይ ሆኗል። «ያቃጥላል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያንቆረቁራል፣ ፊቱን አኮማትሮ ይነሣል። ምላሱን ሳይነካው ጉሮሮው ውስጥ የገባውን መጠጥ ሊፈርድበት አይችልም። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የበቆሎ አገር ከሆኑ ወዲህም በቆሎው ወደ ማሰሮው ገብቷል። በቆሎን አልነቅፍም፤ ርካሽ ነው፣ ደኅና አረቄም ይወጣዋል፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው፤ ለስለስ ብሎ መጨረሻው ባዶ ይሆንብኛል። ዳጉሳው ከተዋጠም በኋላ ምላስ ላይ ይቆያል። ሁለቱ በአንድ ስም በአንድ ዋጋ ሲሸጡ የሚከስረው ዳጉሳ ያወጣችው ሴት ናት። ጥሩውን የሚለይ ገዢ ካጣች ለምን እሳት ስታዳምጥ ታድራለች?

አረቄ ብዙ ቤት አፍርሷል፤ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ የሚጠብቁትን ሰዎች እኔም አውቃቸዋለሁ፣ ያስተማርኳቸውም አሉባቸው። የቡሬው ነጋዴ ግን ሲሰክር ታይቶ አይታወቅም፤ አንድ መለኪያ የሚያህለውን አረቄ ገበያውን ሙሉ ይቀምስበት ነበር።

እናንተም በዚያ መንገድ ካለፋችሁና አረቄ የምትደፍሩ ከሆነ፣ ከማዘዛችሁ በፊት የዳጉሳ ነው ወይስ የበቆሎ፣ ተራ ነው ወይስ ዳግም ብላችሁ ጠይቁ። መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ አሹትና አሽትቱ። ያረረ ከሸተተ ተዉት። ጥሩ ከሆነ ደግሞ ያወጣችውን ሴት ጠርታችሁ ንገሯት፤ ከዋጋውም ላይ አትከራከሯት።