ዓይን የሚያየው የተጠየቀውን ነው

ሞስኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። አንድ ሰው አገጩን መደገፊያ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ውስጥ የማደንዘዣ ጠብታ ገብቷል፤ የዓይኑ ቆቦች እንዳይከደኑ በፕላስተር ተይዘዋል። ዓይኑ ላይ ትንሽ መስታወት ያለባት መሣሪያ አየር ተመጥጦ ተጣብቃለች። ዓይኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከመስታወቷ የሚንጸባረቀው ብርሃን በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል። ይህን መታገሥ የሚቻለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

የመሣሪያዋ ባለቤት አልፍሬድ ያርቡስ ይባላል። በ1914 ሞስኮ ውስጥ ተወልዶ በ1986 ያረፈ የሶቪየት ሳይንቲስት ነው። የምርምር ዘመኑን የፈጀው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፦ ሰው ሲያይ ዓይኑ ምን ያደርጋል?

ጥያቄውን ያነሳ የመጀመሪያው ሰው እሱ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤሚል ዣቫል ዓይን በሚነበብ መስመር ላይ እየዘለለ እያረፈ እንደሚሄድ በ1870ዎቹ መጨረሻ ጽፎ ነበር። አሜሪካዊው ጋይ በስዌልም ሰዎች ሥዕል ሲመለከቱ ዓይናቸው የት የት እንደሚያርፍ መዝግቦ በ1935 መጽሐፍ አሳትሟል። ያርቡስ ግን ሁለት ነገሮችን ከማንም በላይ አጥርቶ አሳየ።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ያርቡስ ትንሽ ምስል እዚያችው መሣሪያ ላይ ገጠመ። ምስሉ ከዓይን ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ሬቲና ላይ የሚያርፍበት ቦታ አይለወጥም። ታዲያ ተመልካቹ ምስሉን አጥርቶ ያየ ይሆን? በተቃራኒው፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ምስሉ ደብዝዞ ጠፋ! በ1952 በአሜሪካና በእንግሊዝ የነበሩ ተመራማሪዎችም በሌላ ዘዴ እዚሁ ውጤት ላይ ደርሰው ነበር። ምክንያቱ፣ የማየት ሥርዓታችን የሚነቃው ለለውጥ ነው። ዓይን አንድ ነገር ላይ ፈጽሞ ፈዝዞ ቢቀር ያንኑ ነገር ማየት ያቆማል። ትኩር ብለን በምናይበት ጊዜ እንኳ ዓይናችን ሳናውቀው በጥቂቱ መንቀጥቀጡ ለዚህ ይጠቅመናል።

ሁለተኛው ስሙን በዓለም ያስጠራው ነው። ያርቡስ የሰዓሊው ኢልያ ሬፒንን «አልጠበቁትም» የተሰኘ ሥዕል መረጠ። በሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ከግዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል። አሮጊቷ ከወንበሯ ብድግ ብላለች። ፒያኖው አጠገብ ያለችው ሴት ዞራ ታያለች። ጠረጴዛው ዘንድ ያሉት ልጆችም ቀና ብለዋል። ያርቡስ ይህን ሥዕል ለአንድ ተመልካች ሰባት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ደቂቃ አሳየው። መጀመሪያ እንዲሁ እንዲያይ ነገረው። ቀጥሎ የቤተሰቡን የኑሮ ደረጃ፣ የሰዎቹን ዕድሜ፣ እንግዳው ከመግባቱ በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር እንዲገምት፣ ልብሳቸውን እንዲያስታውስ፣ ሰዎቹና ዕቃዎቹ የነበሩበትን ቦታ እንዲያስታውስ፣ በመጨረሻም ሰውየው ከቤቱ ስንት ጊዜ እንደራቀ እንዲገምት አዘዘው።

ሥዕሉ ያው ነው፣ ተመልካቹም ያው። መስመሮቹ ግን ሰባት ዓይነት ሆኑ። ዕድሜ ሲጠየቅ ዓይኑ ከፊት ወደ ፊት ይዘላል። ልብስ ሲጠየቅ አካላቸውን ከላይ እስከ ታች ይቃኛል። የግዞቱ ርዝመት ሲጠየቅ ከተመላሹ ፊት ወደ ቤተሰቡ ፊት ይመላለሳል።

ያርቡስ ሌላም ነገር አስተውሏል። ተመልካች ረዘም ያለ ጊዜ ሲሰጠው ያላያቸውን ጥጋጥጎች ይፈትሻል ብለን እንገምት ይሆናል። ዓይኑ ግን አስፈላጊ ብሎ ወደያዛቸው ቦታዎች ደጋግሞ ይመለሳል።

እነዚህ ሥራዎች በ1965 በሩስኛ፣ በ1967 ደግሞ በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ ወጡ። በእርግጥ የሰባቱ መስመሮች ምስል የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ በኋላ ትችት አስነስቷል። ሙከራው በዘመናዊ ካሜራ፣ በብዙ ሰዎች ላይ ሲደገም ግን ዋናው ሐሳብ ጸንቷል። ዛሬ ማስታወቂያ ሠሪዎችና የስልክ ስክሪን ንድፍ አውጪዎች ዓይናችን የት እንደሚያርፍ ሲለኩ እሱ በከፈተው መንገድ እየሄዱ ነው።

«ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። የያርቡስ ወረቀቶች ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል። ልብ ቀድሞ ይጠይቃል፤ ዓይን መልሱን ፍለጋ ይወጣል። አንድ ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ ሲለቀቅ ከላዩ የተጻፈችው አንዲት መስመር ኃይሏ እዚህ ላይ ነው። «ማን ጀመረው?» የተባለና «ማን ተጎዳ?» የተባለ ሰው አንዱን ቪዲዮ ተመልክተው የተለያየ ነገር አይተው ይነሳሉ። ሁለቱም በዓይኔ አይቻለሁ ብለው ይምላሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ያላስተዋሉት ግን ጥያቄውን ማን እንደሰጣቸው ነው።