መለያየትና ያልተወራረደው ሒሳብ፦ በኤርትራ ጉዳይ የተደረገውና ያልተደረገው ክርክር

አንድ ሕዝብ ከሚኖርበት የፖለቲካ ኅብረት ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ፈርጅ ይኖረዋል። በአንደኛው ፈርጅ የሚነሣው ታሪክ፣ ደም፣ መብትና ክብር ነው። በሁለተኛው ፈርጅ የሚነሣው ደግሞ የገንዘብ ኖት፣ የጉምሩክ ኬላ፣ የወደብ ኪራይ፣ የመታወቂያ ወረቀትና የግጦሽ መሬት ነው። የኤርትራ ጉዳይ ከ50 ዓመት በላይ ሲያነጋግር የመጀመሪያው ፈርጅ ብዙ ተናጋሪና ብዙ ጸሐፊ አግኝቷል። ሁለተኛው ግን፣ ጥቂት ጊዜያትን ካልቆጠርን በቀር፣ ተሟጋች ሳያገኝ ቀርቷል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ከሁለቱ ወገኖች የትኛው እውነት ነበረው የሚለውን ለመፍረድ አይደለም። በዚያ ላይ የተጻፈው መደርደሪያ ይሞላል። የእኛ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፤ ይኸውም፦ የመውጣት ጥቅሙና ጉዳቱ በአደባባይ የተመዘነው መቼ ነው? ሳይመዘን የቀረውስ ምን አስከተለ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተነገረው ጣልያን በ1941 ድል ሆኖ ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ከገባች በኋላ ነው። የእንግሊዞቹ ዓላማ ምንም ይሁን ምን፣ ከፋሽስቱ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ለጋዜጣና ለማኅበራት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አቶ ወልደአብ ወልደማርያም በትግርኛው ሳምንታዊ ጋዜጣ ይጽፉ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን የሚሹት በማኅበረ ፍቅሪ ሃገር ተሰባስበው ነበር፤ የእስልምና ማኅበርም በ1946 ተመሠረተ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ተከራካሪዎቹ አሥመራ ውስጥ ቤት ጊዮርጊስ በተባለው ቦታ ተገናኙ። በእኛ አስተያየት በጠቅላላው የኤርትራ ጉዳይ ታሪክ እንደዚህ ስብሰባ ችላ የተባለ ምዕራፍ የለም። ምክንያቱም የቀረበው ሐሳብ «አንድነት» ወይም «ነፃነት» የሚል ባዶ ቃል ሳይሆን፣ ኅብረቱ በምን በምን ውል ይሁን የሚል ነበረና ነው። ስብሰባው ሳይሳካ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከወረቀት ወደ ጥይት ተሸጋገረ። የነፃነቱ ወገን መሪ አብዱልቃድር ከቢሬ በማርች 1949 አሥመራ ላይ ተገደሉ፤ በአቶ ወልደአብ ላይም በተደጋጋሚ የግድያ ሙከራ ተደርጎ በመጨረሻ ካይሮ ለመሰደድ ተገደዱ። ሰው በሐሳቡ በሚገደልበት ከተማ ስለ ጉምሩክ ቀረጥ የሚከራከር አይገኝም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1950 የላከው መርማሪ ቡድን የበርማ፣ የጓቴማላ፣ የኖርዌይ፣ የፓኪስታንና የደቡብ አፍሪቃ መልእክተኞች የነበሩበት ነው። ቡድኑ በአንድ ድምፅ ሊወስን ስላልቻለ በርማና ደቡብ አፍሪቃ ፌዴሬሽንን፣ ጓቴማላና ፓኪስታን ከሞግዚት አስተዳደር በኋላ ነፃነትን፣ ኖርዌይ ደግሞ ፍጹም ውሕደትን ደገፉ። በ2 ዲሴምበር 1950 ጠቅላላ ጉባኤው በ46 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ ፌዴሬሽኑን አጸደቀ። ኤርትራ የራሷ ምክር ቤትና አስተዳደር ሲኖራት፣ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደቦች ለፌዴራሉ መንግሥት ሆኑ። ሰነዱ ማን ምን እንደሚያዝ በዝርዝር ሲያመለክት ኅብረቱ ቢፈርስ እንዴት እንደሚፈርስ ግን አይናገርም። በ14 ኖቬምበር 1962 ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ምክር ቤቱ በእርግጥ ድምፅ ሰጥቷል ወይስ መግለጫ ተነብቦለት ተበትኗል የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የትጥቅ ትግሉ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በሴፕቴምበር 1961 ተጀምሮ ነበር።

ኖርዌይ ለኤርትራ ፍጹም ውሕደትን መምከሯ የታሪክ ምፀት ይመስለናል። እርሷ ራሷ ከስዊድን ጋር ከ1814 ጀምሮ በአንድ ንጉሥ ሥር ከኖረች በኋላ በ1905 ተለይታ የወጣች አገር ናትና። የዚያን መለያየት ዝርዝር ማወቅ ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማል። የጠቡ መነሻ ኖርዌይ የራሷ ቆንስላዎች ይኑሯት አይኑሯት የሚል፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ የሚመስል ነገር ነበር። በ7 ጁን 1905 የኖርዌይ ምክር ቤት ኅብረቱ ፈርሷል ሲል አወጀ። ስዊድን ሕዝቡ ይጠየቅ በማለቷ በ13 ኦገስት ድምፅ ተሰጠ፤ መለየትን የደገፉት 368,208፣ የተቃወሙት 184 ሰዎች ብቻ ነበሩ። (ሴቶች የመምረጥ መብት ስላልነበራቸው ከ200,000 በላይ ፊርማ አሰባስበው ድጋፋቸውን ገለጹ።)

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምንም አዲስ ነገር የለውም፤ ተመሳሳይ ቁጥር የታየባቸው አገሮች ሌሎችም አሉ። ቁም ነገሩ ከድምፁ ቀጥሎ ያለው ነው። ከ31 ኦገስት እስከ 23 ሴፕቴምበር ድረስ የሁለቱ አገሮች መልእክተኞች ካርልስታድ በተባለችው የስዊድን ከተማ ተቀምጠው ተከራከሩ። ጦር በወሰን ግራና ቀኝ ተሰልፎ ነበር፤ ንግግሩም አንድ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በመጨረሻ ግን በጽሑፍ የሰፈረው የሚከተለውን ይመስላል። በወሰኑ ሁለት በኩል ጦር የማይሰፍርበት ቀጣና እንዲኖር፣ በዚያ ያሉ የኖርዌይ ምሽጎች እንዲፈርሱ፣ ክርክር ቢነሣ ወደ ሄግ የግልግል ፍርድ ቤት እንዲሄድ፣ ተላላፊ ሸቀጥ እንዳይታገድ፣ አጋዘን አርቢዎቹ ሳሚዎችም እንደ ቀድሞው ወሰን ተሻግረው እንዲያሰማሩ ተስማሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱ አገሮች በአንድ የዓሣ ማጥመጃ ባሕር ሲጋጩ ነገሩ በእርግጥም ሄግ ላይ ታይቶ በ1909 ተወሰነ፤ የተከራከሩበት ቦታ ለስዊድን ሆነ፤ ኖርዌይም ተቀበለች። ከዴንማርክ ጋር የነበራቸው የገንዘብ ኅብረትም በመለያየቱ ሳይፈርስ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ቆየ። ንጉሥ ኦስካር ዙፋኑን የለቀቀው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በ26 ኦክቶበር ነው።

ቼኮዝሎቫኪያ በበኩሏ ሕዝብ ሳትጠይቅ ተለያየች፤ ይህም ሊነቀፍ ይገባል። ይሁንና በ1 ጃንዋሪ 1993 ከመለያየታቸው በፊት የጋራውን ንብረት በአመዛኙ ሁለት ለአንድ ተካፍለው ነበር፤ የጋራ ገንዘቡም በፌብሩዋሪ ሲቋረጥ ኖቶቹን ለይቶ ማኅተም የመለጠፉ ዝግጅት ተጠናቆ ነበር።

ወደ እኛው እንመለስ። ሻዕቢያ በኖቬምበር 1980 ባቀረበው ሐሳብ ሕዝቡ ከሦስት አማራጮች አንዱን እንዲመርጥ ጠይቆ ነበር፤ ነፃነት፣ ከኢትዮጵያ ጋር ፌዴሬሽን፣ ወይም ራስ ገዝነት። በ1993 የቀረበው ጥያቄ ግን ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊት አገር እንድትሆን ትሻለህ ወይ የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ከ23 እስከ 25 አፕሪል በተሰጠው ድምፅ 1,100,260 ሰዎች «አዎን»፣ 1,822 ሰዎች «አይሆንም» አሉ። ውጤቱ የሕዝቡን ስሜት አላንጸባረቀም የሚሉ ወገኖች ዛሬም አሉ፤ እኛ ከእነርሱ ጋር አንስማማም። 30 ዓመት የተዋጋ፣ መንደሩ የተቃጠለበትና ልጆቹን የቀበረ ሕዝብ ሌላ መልስ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የእኛ ነቀፌታ በውጤቱ ላይ ሳይሆን ከውጤቱ በፊት ሊደረግ ይገባው በነበረው ክርክር ላይ ነው።

ያ ክርክር በአሥመራም ሆነ በአዲስ አበባ አልተፈቀደም። በኤርትራ ተቃራኒውን ሐሳብ ይዞ ሕዝብ ፊት የቀረበ ድርጅት አልነበረም። በአዲስ አበባ በጁላይ 1991 በተደረገው ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው የተገኙት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ ጉባኤው በዚህ ጉዳይ ላይ ለመወሰን ሥልጣን የለውም ብለው ብቻቸውን ተከራከሩ። በጃንዋሪ 1993 ተማሪዎች ሕዝበ ውሳኔውን ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ጥይት ተተኮሰባቸው፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በዚያው ዓመት በአፕሪል ፕሮፌሰር አሥራት ያሉባቸው ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ሁላቸውም በኤርትራ ጉዳይ አንድ አቋም ነበራቸው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ስለ ወደብ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ዜግነት ጥያቄ ሊያነሡ ይችሉ የነበሩት የሕግና የምጣኔ ሀብት አዋቂዎች፣ መናገር የሚያስከፍለውን ዋጋ ከዚህ ተማሩ።

ውሎች አልነበሩም ማለታችን አይደለም። በጁላይ 1993 ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ፈረሙ፤ አሰብና ምፅዋ ለኢትዮጵያ ነፃ ወደብ እንዲሆኑ፣ ኤርትራም በብር መገልገሏን እንድትቀጥል ተስማሙ። ዳሩ ግን እነዚህ ውሎች የቆሙት በሁለት ግንባሮች መሪዎች የግል መተማመን ላይ ነበር። አንዲት አገር በሌላይቱ ብሔራዊ ባንክ የሚታተም ገንዘብ ስትጠቀም የወለድ ተመኑን ማን ይወስናል? የውጭ ምንዛሪውስ እንዴት ይከፈላል? እነዚህ ጥያቄዎች በሕዝብ ፊት አልተነሡም።

በኖቬምበር 1997 ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ አንድ ናቅፋ በአንድ ብር እንዲመነዘርና ሁለቱም በሁለቱ አገሮች እንዲሠራባቸው ትፈልግ ነበር። ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። የራሷን ኖት ቀየረች፤ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድም በውጭ ምንዛሪና በባንክ ዋስትና እንዲካሄድ ደነገገች። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ የአንድ ሉዓላዊ መንግሥት ተገቢ ውሳኔ ነው፤ እንዲያውም ከመለያየት የሚከተል ተፈጥሯዊ ነገር ነው። ነገር ግን በዛላምበሳ በኩል ጤፍ የሚጭነው፣ ጨውና ከብት የሚነዳው ነጋዴ መለያየት ማለት ይህን እንደሚያካትት የነገረው አልነበረም። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በሜይ 1998፣ ባድመ ላይ ጦርነት ተጀመረ። ጦርነቱን ናቅፋ ወለደው የሚለውን ጠቅላላ ፍርድ አንቀበልም፤ የ1900፣ የ1902 እና የ1908 የወሰን ውሎች መሬት ላይ ሳይተረጎሙ መቅረታቸው የራሱ ድርሻ አለው። ያም ቢሆን ካርልስታድ ላይ በሦስት ሳምንት ውስጥ የተጠናቀቀው ዓይነት ሥራ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የዜግነቱ ጉዳይ ነው። በ1993 ድምፅ ለመስጠት የኤርትራ መታወቂያ ማውጣት ግድ ነበር፤ በኢትዮጵያ የሚኖሩ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ይህንኑ አድርገው መረጡ። ይህ ድርጊት የኢትዮጵያ ዜግነታቸውን ያሳጣቸው እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም፤ እነርሱም ቤታቸውንና ሥራቸውን ይዘው ኖሩ። ጦርነቱ ሲነሣ ያ ወረቀት ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው። የሰብዓዊ መብት ተመልካቾች እንደሚገምቱት ከኢትዮጵያ ወደ 75,000 የሚጠጉ ሰዎች ተባረሩ፤ ከኤርትራም እንዲሁ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተፈናቀሉ። የካሣ ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2004 እነዚህ መራጮች የኤርትራ ዜግነት እንዳገኙ፣ የኢትዮጵያ ዜግነታቸውም በዚያ እንዳልተቋረጠ ወሰነ። ለሕግ ሊቃውንት ጥሩ ምርምር ነው፤ በሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ አውቶቡስ ላይ ለተጫነ ሰው ግን ስድስት ዓመት የዘገየ መልስ ነው።

በሴፕቴምበር 2018 ወሰኑ ለጥቂት ወራት ሲከፈት ነጋዴዎች ብርና ናቅፋ በእጃቸው ይዘው ተሻገሩ። የምንዛሪ ተመን አልተወሰነም ነበር፤ የጉምሩክ ሥርዓትም አልቆመም። በሮቹም ብዙ ሳይቆዩ ተራ በተራ ተዘጉ።

በዲሴምበር 1994 የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ ማለትም ከሕዝበ ውሳኔው 20 ወር በኋላ፣ ናቅፋ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በአንቀጽ 39 የመገንጠልን ሥርዓት ይደነግጋል። የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚደረግ ሕዝበ ውሳኔ፣ የአብላጫ ድምፅ ድጋፍ፣ የሥልጣን ርክክብ። አምስተኛው ፊደል ንብረት በሕግ መሠረት ይከፈላል ይላል። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዜግነት፣ ስለ ወሰንና ስለ ወደብ ንዑስ አንቀጹ የሚለው ነገር የለም።