የታቃፊ ዶሮ ሥራ በሰው እጅ
ጫጩት በእሳትና በመሣሪያ የመፈልፈል ጥበብ ታሪክ

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ዘወትር የሚነገረው ስለ ትዕግሥት ነው። ቃሉን እንዳለ ብንመለከተው ግን ዕንቁላል እግር አውጥቶ እንዲሄድ የሚያስፈልገው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ያስነሣል። መልሱም ልክ ያለው ሙቀት፥ በቂ ርጥበትና የ21 ቀን ጥበቃ ነው። እነዚህን ሦስቱን አሟልታ የምትሰጠው ታቃፊዋ ዶሮ ናት። የሰው ልጅ ግን የእርስዋን ሥራ በገዛ እጁ ለመሥራት ከተነሣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክቡራን አድማጮች፥ የዛሬው ንግግራችን ይህ ጥበብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፥ ለሰውም ምን እንዳተረፈለትና ምን እንዳጎደለበት የሚያስረዳ ነው። ዘመናቱን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዶሮ መጀመሪያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የምትኖር የዱር ወፍ ነበረች። ከዚያ ከለመደች በኋላ በነጋዴና በመርከበኛ እጅ ወደ ምዕራብ ተጓዘች። ወደ አገራችንም የገባችው ትናንት አይደለም። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለው ስፍራ፥ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ መንደር ውስጥ፥ የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት የዶሮ አጥንት አግኝተዋል። ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው በአንደኛው ሺህ ዓመት ውስጥ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በአፍሪካ ምድር ከታወቁት የዶሮ ምስክሮች ሁሉ ከጥንታውያኑ መካከል ይቈጠራል።

ያለ ዶሮ ጫጩት የመፈልፈል ጥበብ ስመ ጥር የሆነው ግን በግብፅ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ፥ ግብፃውያን ዕንቁላሉን በፍግ ውስጥ ቀብረው በፍጉ ሙቀት እንደሚፈለፍሉ ጽፎአል። ከዚያው ጋር የሚያስቅ ወሬ ጨምሮአል፤ ይኸውም በሰራኩስ ከተማ የነበረ አንድ ሰካራም ዕንቁላል ከምንጣፉ ሥር ቀብሮ፥ ጫጩቱ እስኪፈለፈል ድረስ ከመጠጡ ሳይነሣ ይቀመጥ ነበር ይላል። ወሬው እውነት ይሁን ቀልድ፥ የጥንት ሰዎች ምሥጢሩ በዶሮዋ ላባ ሳይሆን በሙቀቱ መሆኑን እንደ ተረዱት ያሳያል።

በኋለኛው ዘመን የግብፅ ሰዎች ፍጉን ትተው ትልልቅ የጭቃ ጡብ ምድጃ ሠሩ። በመካከሉ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በግራና በቀኝ ባለ ሁለት ደርብ ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል። ዕንቁላሉ በታችኛው ክፍል በብዙ ሺህ ይደረደራል፤ በላይኛው ክፍል የጭድና የኩበት እሳት ይነድዳል። ሠራተኛው ዕንቁላሉን በየጊዜው ያገላብጠዋል። የሙቀት መለኪያ ስላልነበረው ዕንቁላሉን አንሥቶ ከዐይኑ ቆብ ላይ ያሳርፈውና መሞቁን ወይም መቀዝቀዙን ያውቃል። በዚህ ሙያ የታወቁት በናይል ወንዝ ደልታ የሚገኙት የበርማ መንደር ሰዎች ነበሩ፤ ዕውቀቱንም አባት ለልጁ እንጂ ለባዕድ አያስተምርም ነበር።

አውሮፓውያን ይህን ምሥጢር ለማግኘት ብዙ ደከሙ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ኮርኔሊስ ድሬበል፥ ሙቀቱ ሲበዛ የእሳቱን አየር ራሱ የሚቀንስ ምድጃ ሠርቶ ዕንቁላል ሞከረበት። በ1749 የፈረንሳይ ሊቅ ሬኦሙር ስለ ጫጩት አፈላፈል ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። እርሱ በስሙ የሚጠራውን የሙቀት መለኪያ ያወጣ ሰው ስለ ነበረ፥ የግብፁ ሠራተኛ በዐይኑ ቆብ ያውቀው የነበረውን ነገር በቍጥር ለመግለጽ ቻለ። በ1881 የእንግሊዙ ቻርለስ ሂርሰን በለንደን ያወጣው መሣሪያ ሙቀት ሲጨምር የምታብጥ፥ ፈሳሽ የታሸገባት ትንሽ ብረት ነበረችው፤ እርስዋም ስታብጥ የመብራቱን ሙቀት መውጫ ትከፍትለታለች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1879 ላይመን ባይስ በካሊፎርኒያ ክፍል በፔታሉማ ከተማ የራሱን መሣሪያ ሠርቶ ነበርና፥ ያች ትንሽ ከተማ በዕንቁላል ንግድ በዓለም የታወቀች ሆነች።

ይህ ሁሉ ለሰው ያተረፈለት ግልጽ ነው። የታቀፈች ዶሮ ዕንቁላል መጣል ታቆማለች፤ ጫጩቶችዋንም ስታሳድግ ሳምንታት ያልፋሉ። ሥራዋን መሣሪያ ከወሰደላት ግን መጣሏን ትቀጥላለች። ስለዚህ አርቢዎች ማቀፍ የምትወደውን እየተዉ የማታቅፈውን እየመረጡ አራቡ። ከኢጣልያ ተነሥታ በአሜሪካ የተሻሻለችው ነጭ ሌግሆርን የዚህ ምርጫ ፍሬ ናት፤ በዓመት ከ250 የሚበልጥ ዕንቁላል ትጥላለች፥ ነገር ግን ለማቀፍ አትቀመጥም። እንግዲህ ጉድለቱ ከዚህ ላይ ነው። መሣሪያው በመጀመሪያ የዶሮዋ ረዳት ሆኖ ተሠራ፤ በኋላ ግን ዶሮዋ የመሣሪያው ጥገኛ ሆነች። መሣሪያው የቆመ ዕለት የዚያች ዶሮ ዘር በራሱ ኃይል ሊተካ አይችልም።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የተባሉት የፈረንጅ ዶሮዎች ወደ አገራችን የእርሻ ትምህርት ቤቶችና ጣቢያዎች ገቡ። ጥቁር፥ ቀይ፥ ነጭ፥ ገብስማ፥ መላጣ እየተባለች በመልኳ የምትጠራው ያገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ስለ ሆነ፥ ከእነርሱ ጋር ስትነጻጸር እንደማትረባ ተቈጠረች። ነገር ግን የራሷን ምግብ ጭራ ታገኛለች፤ ከጭልፊት ትሸሻለች፤ ዕንቁላልዋን ታቅፋ ጫጩቶችዋን ታሳድጋለች። የጥቂት ዕንቁላል ባለቤት መሆኗ ራሱ በከፊል የእናትነቷ ዋጋ ነው። የአውራ ዶሮ ዘር እያከፋፈሉ ሁሉን መቀላቀል ይህን ሀብት ሳይታወቅ ሊያጠፋው ይችላል፤ አንድ ጊዜ የጠፋ ዘር ደግሞ በገንዘብ ተገዝቶ አይመለስም።

ሁለቱን አስታርቆ መያዝ እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራ ግን በአገራችን ተጀምሮአል። በ2008 በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የሆሮ ዶሮ፥ ማለት ከምዕራብ ኦሮሚያ የተገኘችው ያገር ዘር፥ በተከታታይ ትውልድ እየተመረጠች መራባት ጀመረች። የተመረጡት እናቶች ዕንቁላል በመሣሪያ ይፈለፈላል፤ ዘሩ ግን ያገሩ ዘር እንደ ሆነ ይቀጥላል። በዚህ ዐይነት መሣሪያው ያገሩን ዘር የሚተካ ሳይሆን የሚያበዛ ሎሌ ሆነ።

በቤቱ አነስተኛ መፈልፈያ ይዞ ያገር ዶሮ ለማርባት የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ ሕጉ የበርማ ሰዎች ያወቁት ያው ሕግ ነው። ዕንቁላሉ ከተጣለ ሳምንት ያላለፈው ይሁን፤ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ተኩል ገደማ አይራቅ፤ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጥ፤ ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን አይነካ፤ ርጥበቱም ይጨመርለት። በሰባተኛው ቀን በመብራት ፊት ቢያዩት ደም ሥር ያበቀለው ካላበቀለው ይለያል። ከሁሉ በላይ ግን ከሚያረባቸው ዶሮዎች መካከል በማቀፍ የታወቀችውን ለይቶ ያኑራት። መሣሪያውን ያስተማረችው እርስዋ ናትና፥ መሣሪያው ቢሰበር ሥራውን የምትረከበውም እርስዋው ናት።