ስለ ቁራኛ

በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ዛሬ አባባል ብቻ ሆኖ ቀረ እንጂ ቀድሞ የፍርድ ሥርዓት ነበር። ባለዕዳው በቀጠሮው ቀን ያልከፈለ እንደ ሆነ ነጠላው ከአበዳሪው ነጠላ ጋር ይቋጠራል፤ ነገሩ የጠናም እንደ ሆነ ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ይታሠራሉ። ዋስ ያገኘ ይፈታል፤ ያላገኘ ግን ከባለገንዘቡ ጋር አብሮ ይውላል፥ አብሮም ያድራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ሰንሰለቱ አበዳሪውንም ማሠሩ ነው። እርሻውንና ንግዱን ትቶ እስረኛ ጠባቂ የሆነ ሰው ዕርቅ መፈለጉ አይቀርም። ይሁን እንጂ የታሠረ ሰው ሠርቶ ሊከፍል ስለማይችል ሸክሙ በዘመዶቹ ላይ ይወድቅ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውሉን ያላከበረ ሰው እንዲፈጽም፥ ወይም ውሉ እንዲሠረዝ፥ ኪሣራም እንዲከፈል ይፈቅዳል፤ የቅጣት ነገር ለወንጀል ሕግ የተተወ ነው። እርሱም ቢሆን የሚቀጣው በመሠረቱ ማታለልን እንጂ ማጣትን አይደለም።

ድንበሩ የሚደበዝዘው በቼክ ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 693 በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚያወጣውን በእስራት ይቀጣል። ሻጩን በባዶ ቼክ ያታለለ ቢቀጣ ተገቢ ነው። ገንዘብ አለመኖሩን እያወቀ ቼኩን በመያዣነት የተቀበለ አበዳሪ ግን ምን ተታለለ? እንዲህ ያለው ሰው የሚሻው ቁራኛን ይመስለኛል፤ ያውም እርሱ ራሱ የማይታሠርበትን።